እናቷን ሳታዩ ቡችላ አትግዙ

ሰሞኑን በቪዲዮ ስለ ፖለቲካ ስናወራ ከረምን፤ ዛሬ ግን ታክሲያችን ውስጥ የገጠመንን አንድ ጉዳይ እናንሳ። ርዕሱ ውሻ ነው። «ደግሞ ስለ ውሻ!» የሚል አይጠፋም። ታገሱን፣ ነገሩ የልጆቻችንም የኪሳችንም ነው።

ባለፈው ዊንተር አንድ ማታ፣ ከስካርቦሮ አንዲት እህታችንን ከአሥር ዓመት ልጇ ጋር ጫንን። ልጁ ጃኬቱ ውስጥ ቡችላ አቅፏል። «ወንድሜ፣ እባክህ ፍጠንልን» አለችን። የምንሄደው ወደ ድንገተኛ የእንስሳት ሕክምና ነው። ቡችላዋ ቤታቸው ከገባች አራተኛ ቀኗ ነው። ታስመልሳለች፣ ተቅማጧ ደም አለው፣ አንገቷን ቀና ማድረግ አቅቷታል። ከየት ገዛችኋት ብለን ጠየቅን። ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ አይተው ቀብድ ላኩ። ሻጩ «ቤት ድረስ አትልፉ፣ መንገድ ላይ እንገናኝ» ብሎ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አስረከባቸው። 1,800 ዶላር፣ በካሽ። ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ነው ተባሉ። እናቷን አላዩም።

በማግስቱ ደውለን ስንጠይቅ ሞታለች። በሽታው ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ነው። እናቲቱን ያስጨነቃት ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ልጁ «እኔ ነኝ አይደል በደንብ ያልያዝኳት?» እያለ ሲያለቅስ አድሯል።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለዚያ ልጅ መልስ እንዲሆን ነው። መልሱም «አይደለህም» ነው። ፓርቮ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ነው። ቡችላዋ ገና ከመምጣቷ በሽታውን ይዛ የነበረች ትመስላለች። የቡችላ ጤና በአብዛኛው የሚሠራው ገዢው ከማየቱ በፊት፣ በእናቷና በአርቢው እጅ ነው። አባቶቻችን «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ይላሉ። ለቡችላም ይሠራል።

እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው። ቡችላው ሲወለድ ዓይኑ አያይም፣ ጆሮው አይሰማም። ዓይኑ የሚከፈተው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከሁሉም በላይ ልብ በሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። እኛ ሲበርደን እንንቀጠቀጣለን፤ እሱ በመጀመሪያው ሳምንት መንቀጥቀጥ እንኳን አይችልም። ስለዚህ የተኛበት ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት። በቶሮንቶ ጥር ወር ቀዝቃዛ ቤዝመንት ውስጥ ያለ ማሞቂያ ቡችላ ማስወለድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቡችላው ሲቀዘቅዝና ሲደክም «ርቦት ነው» ብሎ ወተት መጋት። አይደረግም! የቀዘቀዘ ቡችላ ሆዱ ሥራ ያቆማል፣ ወተቱ አይፈጭም፣ ወደ ሳንባ ሊገባም ይችላል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ማሞቅ፣ ከዚያ መመገብ ነው። የላም ወተትም አይሆንም፤ የውሻ ወተት ከላም ወተት ይልቅ በቅባትም በፕሮቲንም እጥፍ ገደማ ነው። እናቲቱ ማጥባት ካልቻለች ለቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት አለ።

እንገርን ሁላችንም ከላም እናውቀዋለን። ለቡችላም እንዲሁ ነው። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የእናቱን እንገር ካልጠባ ከበሽታ የሚከላከልለት ጋሻ የለውም። እናቲቱ ደግሞ ያልተከተበች ከሆነች እንገሯ ውስጥ ያለው ጋሻ ሳስቷል ማለት ነው። አያችሁ? የቡችላው ክትባት የሚጀምረው ከእናቱ ነው።

ጥሩ አርቢ በየቀኑ በትንሽ የኩሽና ሚዛን ይመዝናቸዋል። ጤናማ ቡችላ በየቀኑ ይጨምራል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። አንድ ቀን ካልጨመረ ጥያቄ ነው፤ ከቀነሰ ሐኪም ጋ ነው። ከሁለት ሳምንት ጀምሮ የትል መድኃኒት ይሰጣል፣ ምክንያቱም ትሉ ገና በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ሊተላለፍበት ይችላል። ይኸው ትል ወደ ሕፃናትም ይሻገራል። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ላይ ይጀምርና በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። አንዴ ተወግቷል ማለት ተከትቦ አልቋል ማለት አይደለም።

አንዳንዱ ወገናችን «አገር ቤት ውሻ አጥር ሥር ትወልዳለች፣ ማን መዘናት?» ይላል። እውነት ነው። ግን ስንቱ ቡችላ እንደሞተስ ማን ቆጠረ? ሌላም ልዩነት አለ። የአገራችን ውሻ በራሷ ትወልዳለች። እዚህ በሁለትና በሦስት ሺህ ዶላር የሚሸጠው ፊቱ ጠፍጣፋ ፍሬንች ቡልዶግ ግን ጭንቅላቱ ትልቅ፣ የእናቲቱ ዳሌ ጠባብ ስለሆነ በአብዛኛው የሚወለደው በቀዶ ሕክምና ነው። ሰው ለመልኩ ብሎ አራባው፣ ሕመሙንም አብሮ አራባው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወሬ እንምጣ። ዳንፎርዝ ቡና ላይ ቁጭ ስንል ደጋግመን እንሰማዋለን። «ሁለት ውሻ ገዝተን ብናራባስ? ስድስት ቡችላ በ1,500 ዶላር፣ ዘጠኝ ሺህ ዶላር!» ሒሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል። ከዚያ ውስጥ የእናቲቱን የጤና ምርመራ፣ የትልልቅ ዝርያዎችን የዳሌ ራጅ፣ የክትባቱን፣ የትሉን መድኃኒት ቀንሱ። እናቲቱ አጥብቃ እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ቡችላ ካልወጣ በሌሊት ሐኪም ጋ መሄድ ግድ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ከመጣ ሺዎች ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ የሚያወጣ ሰው ሀብታም አይሆንም። ሀብታም የሚሆነው ይህን ሁሉ የዘለለው ነው። ርካሽ የሚመስለው ቡችላ ወጪውን ገና አልከፈለም፤ የሚከፍለው ገዢው ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የኦንታሪዮ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2024 የቡችላ ፋብሪካዎችን የሚቃወም ሕግ አጽድቋል። ሴት ውሻን አንድ ዓመት ሳይሞላት ማስረገዝ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ማራባት፣ ቡችላን ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት፣ ተላላፊ በሽታ የያዘውን ከሌሎቹ አለመለየት፣ በቆሻሻ ውስጥ ማኖር ተከልክሏል። ዝቅተኛው ቅጣት 10,000 ዶላር ነው፤ በጥፋቱ ምክንያት ውሻ ከሞተ 25,000። በቶሮንቶ ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ከሦስት ውሻ በላይ ማኖር አይፈቀድም። «ከአገር ቤት አስመጥተን እንሽጥ» ለሚለውም፣ ካናዳ ከሴፕቴምበር 28 ቀን 2022 ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ለንግድ የሚመጣ ውሻ አታስገባም፤ ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ አለች።

ስምንቱ ሳምንት ለምን አስፈለገ? ቡችላ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲቆይ ንክሻውን ልክ ማስያዝ ይማራል። ቀድሞ የተነጠለ ሲያድግ ፈሪና ተናካሽ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ልጅ ያለው ቤት ይህን ይስማ።

እንግዲህ ለልጃችሁ ቡችላ ልትገዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ቤቱ ሄዳችሁ እናቲቱን ከቡችሎቹ ጋር እዩ። ስትቀርቧት ትደብቃለች ወይስ ጭራዋን ትቆላለች? ተኝተው ያደሩበትን አሽትቱ። ከእንስሳት ሐኪም የተሰጠ የክትባትና የትል መድኃኒት ወረቀት ጠይቁ። «ንጹሕ ዘር ነው» ካላችሁ፣ በካናዳ ሕግ ሻጩ የምዝገባ ወረቀቱን በስድስት ወር ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መስጠት አለበት። ጥሩ አርቢ እናንተንም ይጠይቃችኋል፤ ሥራችሁን፣ ቤታችሁን፣ ቀን ማን እንደሚውል። ምንም ሳይጠይቅ ቀብድ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ጥላችሁ ሂዱ። ያሳዘናችሁን ቡችላ «ላድነው» ብላችሁ አትግዙ፤ ብሩ የሚቀጥለውን እርግዝና ነው የሚከፍለው። እንስሳ ሲበደል ካያችሁ የክፍለ ሀገሩ የእንስሳት ደኅንነት መስመር 1-833-926-4625 ነው። ቤት የሚፈልጉ ውሾች በከተማው የእንስሳት መጠለያም ሆነ በቶሮንቶ ሂዩሜን ሶሳይቲ አሉ።

ያቺ እህታችን ከሳምንት በኋላ ደወለች። ልጁ አሁንም ውሻ ይፈልጋል፣ ግን ፈርቷል። ስልኩን ስጪው አልናትና እዚህ የጻፍነውን አጠር አድርገን ነገርነው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ስለዚህ መጀመሪያ እናትየውን ነው የምናየው» አለ። እኛ ከዚህ በላይ የምንጨምረው የለንም።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልን፣ ቡችላ ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁም አድርሱልን።