ለጋይንት ሰው ሆስፒታል ምን ያህል ይርቃል?

ነፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ አንድ አዛውንት አገኘሁና «አባቴ፣ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው?» አልኳቸው። «ለአንተ ቅርብ ነው፤ ለታመመ ሰው ግን ከየት እንደተነሳ ነው» አሉኝ። ከብዙ ሪፖርት ይልቅ ይህች መልስ ነገሩን አስረዳችኝ።

ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ያልፍባታል። በስተምዕራብ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ፣ በስተምሥራቅ የጨጨሆ ገደል አለ። ለጎብኚ ውብ እይታ ናቸው፤ በቃሬዛ ለሚመጣ በሽተኛ ግን የሰዓት መቁጠሪያ ናቸው።

ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 የእናቶችን ሞት ከሦስት መዘግየቶች ጋር አያይዘውታል፤ ለሕክምና ለመሄድ መወሰን፣ ጤና ተቋም መድረስና ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት።

በዚህ አገር ሁለተኛው ገዝፎ ይታያል። ከታች ጋይንትና ከስማዳ ቆላ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ዳገቱን ወጥቶ የመኪና መንገድ ማግኘት አለበት። ከነፋስ መውጫ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ከተላከም ጎብጎብን፣ ክምር ድንጋይንና ጋሳይን አልፎ ደብረ ታቦር መድረስ ይጠበቅበታል። የእስቴ ሰው ደግሞ ከመካነ ኢየሱስ ተነስቶ ወደዚያው ያቀናል። እኛ ደብረ ታቦርን የምናውቃት አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ባሠሩባት በጋፋት ነው። አስታማሚ የሚያውቃት በሆስፒታሏ በር ነው።

ሦስተኛው መዘግየት ደግሞ በር ላይ ለደረሰም አይቀርለትም። የሕወሓት ተዋጊዎች ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫን ይዘው በነበሩበት ጊዜ የከተማዋ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ መዘረፋቸውንና መጎዳታቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ጥቅምት 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ገልጿል። የመደፈር ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የተሟላ ሕክምና ያላገኙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ሕንፃው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሆስፒታሉ ግን ራቀ።

ስለዚህ «ሆስፒታል ተሠራ» ሲባል ስንሰማ፣ ከማጨብጨባችን በፊት እንጠይቅ። ከየት ለሚመጣ ሰው? በየትኛው መንገድ? ሌሊት አምቡላንስ፣ መብራትና መድኃኒት አለ? አዛውንቱ ርቀትን የለኩት በኪሎ ሜትር አልነበረም። እኛም በዚያው መለኪያ ብንለካው መልካም ነው።