የደጋ አየርና ያረጀ ሞተር፤ ቱርቦ ይጨመርለት ወይስ ይለወጥ?

በዋግ ኽምራ ተራሮች ላይ ብዙ ዘመን ያገለገለ መኪና ያለው ሰው፣ ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ ሲጓዝ መኪናው በከባድ ማርሽ እንኳ ዳገቱ እያቃተው ባየ ጊዜ፣ ከሁለት አሳቦች በአንዱ መቁረጡ አይቀርም፤ ወይ ላለው ሞተር ቱርቦ መጨመር፣ ወይ ሞተሩን አውርዶ በሌላ መለወጥ። ምርጫው የገንዘብና የምኞት ብቻ ቢመስልም፣ ከሁሉ አስቀድሞ የአየር ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ኪስ ከመከፈቱ በፊት ሕገ ተፈጥሮን መመርመር ይገባል።

ሞተር ኃይል የሚያገኘው ነዳጁን በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር በማቃጠል ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣውን፣ በአገራችን የገጠር መንገድ ሁሉ የሚታወቀውን የላንድ ክሩዘር ናፍጣ ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድን፣ ለምሳሌ ብንወስድ፣ ስድስቱ ሲሊንደሮቹ በድምሩ 4.2 ሊትር ገደማ ስለሚይዙ፣ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ከ6,000 ሊትር በላይ አየር ይስባል። ሲሊንደሮቹ በሚገባ ቢሞሉ ያ አየር በባሕር ዳርቻ 7.5 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ በሰቆጣ ግን 5.7 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ከኃይሉ ሩቡን ያህል ለደጋው መገበሩ ግድ ነው።

ይህን ኅፀፅ የሚያርመው፣ ቱርቦ የተባለው ጥበብ ከአንጥረኛ ወናፍ ጋር አንድ ዓላማ አለው፤ እሳቱ ወዳለበት አየርን በግድ መንፋት። አልፍሬድ ቢዩኪ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 ባስመዘገበው ፈጠራ፣ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ይዞት የሚባክነው ኃይል አንድ መዘውር እንዲያዞር፣ መዘውሩም አየርን እያመቀ ወደ ሞተሩ እንዲልክ አሰበ። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ፈተነው። በሜዳ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ በተገጠመለት ጊዜ ግን 356 ሆነ። እንግዲህ ቱርቦ ገና ከወጣትነቱ የደጋ መድኃኒት እንደ ነበረ እናስተውል፤ ለእሽቅድምድም መኪና ጌጥ የሆነው ኋላ ነው።

ሆኖም መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ምክንያተ ድካሙ መታወቅ አለበት። የናፍጣ መኪና በዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ፣ ነዳጁ የሚበቃውን አየር አላገኘም ማለት ነው፤ በቅድሚያ በዋግ አቧራ የታፈነው የአየር ማጣሪያ ይጽዳ፣ ኖዝሎቹም ይታዩ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን የሚቃጠለው ዘይት ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ጋዝ እየገፋ ቢወጣ፣ የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ግፊቱ ወደ ታች እንደሚያመልጥ ያመለክታል። የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን ማስለካት ነገሩን ይቆርጠዋል፤ ልኬቱ ዝቅተኛ ለሆነ፣ ከሲሊንደር ሲሊንደርም ለሚለያይ ሞተር ቱርቦ መግጠም፣ የደከመን አካል በሸክም ላይ ሸክም መጫን ነው።

ሞተሩ ጤናማ ሆኖ ከተገኘ ግን ደገኛ ባለ መኪና በቆላ የሚኖረው ያላገኘው ዕድል አለው። በሰቆጣ የጎደለው ግፊት ሩብ አትሞስፌር ያህል ስለ ሆነ፣ ያንኑ ብቻ የሚመልስ፣ ከዚያም ጥቂት የሚያልፍ ለዘብተኛ ቱርቦ፣ ሞተሩን ከተፈጠረበት ልክ ብዙ አያሳልፈውም። ስስት ግን ይቀጣል። ዋን ኤች ዜድ አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ የሚያምቅ ሲሆን፣ ቶዮታ ራሱ ቱርቦ የገጠመለት ወንድሙ ዋን ኤች ዲ ቲ ግን ወደ 18.6 እጥፍ እንዲወርድ ተደርጎ የተሠራው፣ የተጨመረው አየር ግፊትንና ሙቀትን ስለሚያበዛ ነው። ግፊቱን ያለ ልክ የሚያስጨምር ሰው ቴስታታው ሲሰነጠቅ፣ ፒስተኑም ሲቀልጥ ያያል። ስለዚህ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ማስገጠም፣ ዘይቱን በጊዜው መለወጥ፣ ከዳገት በኋላም ሞተሩን ከማጥፋት በፊት ጥቂት በዝግታ ማሠራት ይገባል፤ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር የሚችለው መዘውር ሕይወቱ በዘይት ነውና።

ሞተሩ ያለቀ ከሆነ መለወጡ ርትዕ ነው፤ የሚለወጥበት ግን ያለ ቱርቦ የሚሠራ ከሆነ ደጋው ከእርሱም ሩቡን መውሰዱን አይተውምና፣ ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የወጣውን መምረጥ ይሻላል። ዋን ኤች ዲ ቲ ከዋን ኤች ዜድ ጋር ከአንድ ቤተሰብ በመሆኑ ለባለ ላንድ ክሩዘሮች የቀረበ ነው። ኃይል ሲጨመር ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ራዲያተሩና ፍሬኑም አብረው መታሰብ አለባቸው። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለ ሆነም፣ ለውጡን በሕግ ማስመዝገብ አይዘነጋ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና በማስመጣት ላይ ከባድ ግብር በመጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በእጃችን ያለው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም መጣር ከእንግዲህ የሁሉ ጉዳይ ነው። አየር የማይተነፍሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ለደጋው አይገብርም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ቮልስዋገን በዚያው በፓይክስ ፒክ ዳገት በኤሌክትሪክ መኪና በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ወጥቶ ቀድሞ በነዳጅ መኪና የተያዘውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ያ ዘመን በዋግ ሸለቆዎች እስኪደርስ ድረስ ግን ብያኔው ይህ ነው፤ አየር ላጣ ጤነኛ ሞተር በልክ የሆነ ቱርቦ፣ ጤናውን ላጣ ሞተር ለውጥ፤ ሁለቱን ለይቶ የሚያሳየው ደግሞ ጋራዥ ውስጥ የሚያልፍ የአንድ ሰዓት ምርመራ ስለ ሆነ፣ እርሱን ዘሎ ወደ ገበያ መሄድ ለማንም አይበጅም።