ብቅል፣ ምራቅና የማሽላ ገንፎ

በዶካ ማሽላ የማይገባበት ማድ ቤት የለም። ጎረቤቶቻችን ዱራ ብለው ኪስራና አሲዳ ይሠሩበታል፤ እኛ ደግሞ እንጀራና ገንፎ። በክረምት ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የምናየው እርሻም አብዛኛው ማሽላና ሰሊጥ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ምግብ ልመት ስንማር የመሞከሪያ ዕቃ ሩቅ አልፈለግንም።

ጥያቄውን ያነሣችው አንዲት የክፍላችን ተማሪ ናት። «ትንሹ ወንድሜ ገንፎ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ፊቱን ያዞራል። እናቴ በውሃ ስታቀጥንለት ይጠጣዋል፤ ግን ወዲያው ይርበዋል። ምን ይሻላል?» አለች። ብዙዎቻችን ታናናሾች ስላሉን ጥያቄው የሁላችንም ሆነ።

መልሱን ለማግኘት ከአፍ እንጀምር። የማሽላ ዱቄት አብዛኛው ክፍል ስታርች ነው። ስታርች እንደ ዶቃ የተሰካካ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ስለሆነ እንዳለ ወደ ደም አይገባም። ምራቃችን ውስጥ ያለው አማይሌዝ የተባለ ኢንዛይም ሰንሰለቱን መቁረጥ ይጀምራል። እንጀራን ለረጅም ጊዜ ስናኝክ ጣፈጥ የሚለን ለዚህ ነው። ጨጓራ ውስጥ አሲዱ የምራቁን ኢንዛይም ያስቆመዋል፤ በዚያ ፔፕሲን ፕሮቲንን መቆራረጥ ይጀምራል። ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ቆሽት ሌላ አማይሌዝ፣ እንዲሁም ፕሮቲንና ቅባት የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ይልካል፤ ከጉበት የሚመጣው ሐሞት ደግሞ ቅባቱን ይበታትናል። የላመው ምግብ በአንጀቱ ግድግዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል።

ታዲያ የሕፃኑ ችግር ምንድን ነው? ዱቄቱ ሲበስል ስታርቹ ውሃ ይዞ ያብጣል። የሕፃን ጨጓራ ትንሽ ስለሆነ በጥቂት ማንኪያ ይሞላል። ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ጨጓራውን የሚሞላው ውሃው ነው፤ በእያንዳንዱ ማንኪያ ያለው ዱቄት ያንሳል። ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ ይራባል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን የሚያውቁት ብቅል ይመጣል። እህል ሲበቅል ራሱ አማይሌዝ ያዘጋጃል፤ ቡቃያው የሚያድገው የተከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር እየለወጠ ነውና። ሱዳናውያን ለረመዳን የሚያዘጋጁት ሒሉ ሙርም ከበቀለ ማሽላ ነው የሚሠራው። አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፔርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1833 እ.ኤ.አ. ከገብስ ብቅል ይህን ስታርች ቆራጭ ለይተው አወጡ። ለሳይንስ ተለይቶ የታወቀው የመጀመሪያው ኢንዛይም ይኸው ነው።

እኛም ወፍራም የማሽላ ገንፎ በሦስት ብርጭቆ እኩል አድርገን ለብ እስኪል አቀዘቀዝን። በአንደኛው ውሃ ብቻ፣ በሁለተኛው በውሃ የተበጠበጠ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት፣ በሦስተኛው ያንኑ ያህል ቀድሞ የተፈላ ብቅል ጨመርን። የውሃው መጠን በሁሉም እኩል ነበር። ማሞቂያ አላስፈለገንም፤ የዶካ የሚያዝያ ሙቀት ይበቃል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሁለተኛው ብርጭቆ ገንፎ እንደ አጥሚት ፈሰሰ። አንደኛውና ሦስተኛው ግን እንደ ወፈሩ ቀሩ። መፍላት ኢንዛይምን እንደሚያበላሽ በዓይናችን አየን።

ከየብርጭቆው ጥቂት ወስደን በውሃ የቀጠነ አዮዲን ጠብ አደረግንበት። ስታርች ካለ አዮዲን ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። የቀጠነውም ሐምራዊ ሲሆን «ሙከራው ከሸፈ» ያልን ነበርን። አልከሸፈም፤ አማይሌዝ ሰንሰለቱን ከመካከል ስለሚቆርጥ ገንፎው የሚቀጥነው ስታርቹ ጨርሶ ሳያልቅ ነው። ቆይተን ስንደግመው ቀለሙ ወደ ቡናማ ቀላ። አዮዲን የነካው ምግብ እንደማይበላ ግን አትርሱ።

በቤት ለመጠቀም እንዲህ ይደረጋል። ወፍራሙ ገንፎ ከእሳት ወርዶ ትንሽ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይቀላቀልበታል፤ ሲቀጥን እንደገና ይፈላል። ሁለተኛው ማፍላት ጀርሞችን ስለሚገድል አይዘለልም። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ለጋ የማሽላ ቡቃያ ከብት እንደሚገድል ገበሬዎች ያውቃሉ፤ ሳያናይድ ያመነጫልና። ስለዚህ የማሽላ ብቅል ከሆነ ከደረቀ በኋላ ቡቃያውና ሥሩ ታሽቶ ይራገፋል። የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ከተገኘ ይመረጣል። የሻገተ ብቅል ይጣላል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

ብቅል ገንፎን ያቀጥናል እንጂ የጎደለውን ሁሉ አይሞላም። ሰሊጥ በወረቀት ላይ ብንጨፈልቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ይህም የቅባት ምልክት ነው። ፉልና ሽምብራ ደግሞ ገንቢውን ፕሮቲን ይሰጣሉ። የተፈጨ ሰሊጥና ሽምብራ የገባበት ገንፎ ከማሽላ ብቻ ከተሠራው ይሻላል።

ጥያቄውን ያነሣችው ጓደኛችን የሙከራውን ውጤት ለእናቷ ስትነግር እናቷ ስቀው፣ «ብቅሉንስ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ለጠላ እንጂ ለልጅ መሆኑን አላሰብኩትም» አሏት። እኛም ከመጽሐፉ ግማሹን ብቻ እንደተማርንና ግማሹ ከየቤታችን እንደመጣ ገባን።