በግቢያችን የሰፈረች የዱር ዳክዬ፦ እንክብካቤያችን እስከ ምን ድረስ ነው?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የበረዶው ወራት አልፎ ጸደይ ሲገባ፣ ብዙ ቤተሰቦች በግቢያቸው አትክልት መካከል አንዲት የዱር ዳክዬ እንቁላሎቿን ታቅፋ ያገኛሉ። ይህች ዳክዬ አብዛኛውን ጊዜ ማላርድ የምትባለው፣ በሳይንሳዊ ስሟም አናስ ፕላቲራይንኮስ የተሰኘችው ዝርያ ናት። ወንዱ በሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ራሱና በአንገቱ ዙሪያ ባለው ነጭ ቀለበት ይታወቃል። ሴቷ ግን ቡናማና ዝንጉርጉር በመሆኗ በቁጥቋጦ ሥር ስትተኛ ከደረቀ ቅጠል አትለይም። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህችን ያልተጠበቀች እንግዳ በደጃፋቸው ሊያገኟት ይችላሉ።

እንግዳይቱ ስትገኝ፣ ምን እናድርግላት የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ብዙ ሰው ከርኅራኄ ተነሥቶ እንቁላሎቹን ወደ ሞቃት ክፍል ያስገባል፤ ጫጩቶቹን ይሰበስባል፤ ዳቦም ይቆርስላቸዋል። ይሁን እንጂ በቅን ልቡና የሚደረጉት እነዚህ ድርጊቶች ጫጩቶቹን ለጉዳት፣ አልፎ አልፎም ለሞት የሚዳርጉ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የዳክዬዋን ሥነ ሕይወት መሠረት በማድረግ፣ የሰው ድርሻ አካባቢውን ከአደጋ መጠበቅ፣ የማሳደጉ ሥራ ግን የእናቲቱ መሆኑን ከነምክንያቱ ለማስረዳት እንሞክራለን።

የተተወ የሚመስል ጎጆ

ማላርድ በቀን አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ በጠቅላላውም ከ8 እስከ 13 የሚደርሱ እንቁላሎች ይኖሯታል። ሙሉ በሙሉ መታቀፍ የምትጀምረው የመጨረሻውን እንቁላል ስትጥል ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ጊዜ ጎጆው ያለ ጠባቂ፣ እንቁላሎቹም ቀዝቅዘው ይታያሉ። ይህ ግን ዳክዬዋ እንደተወቻቸው አያመለክትም። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ሽል የእናቱን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ እድገቱን ገትቶ ይቆያል። በዚህም ምክንያት መጀመሪያ የተጣለውና መጨረሻ የተጣለው እንቁላል እድገታቸውን ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ በአንድ ቀንም ይፈለፈላሉ።

መታቀፉ ወደ 4 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። እናቲቱ ከደረቷ የነቀለችውን ለስላሳ ላባ በጎጆው ውስጥ ታነጥፋለች። ለመመገብ ለአጭር ጊዜ ስትወጣም እንቁላሎቹን በዚሁ ላባ ትሸፍናቸዋለች፤ ይህም ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ከቁራና ከሌሎች እንቁላል በል እንስሳት ዓይንም ይሰውራቸዋል። ወንዱ በዚህ ወቅት ከአካባቢው ይጠፋል። በማላርድ ዘንድ ጫጩት ማሳደግ የእናቲቱ ሥራ በመሆኑ፣ የእርሱ መለየት ሊያሳስበን አይገባም።

በዚህ ጊዜ ከባለ ግቢው የሚጠበቀው ጥቂት ነገር ነው፤ እርሱም ከጎጆው መራቅ፣ ውሻና ድመትን መከልከል፣ በአቅራቢያው ሣር ከማጨድና ቁጥቋጦ ከመከርከም መቆጠብ ነው። ጎጆውን ወደ ተሻለ ቦታ ለማዛወር መሞከር ግን አይገባም። እናቲቱ የምትመለሰው ወደምታውቀው ቦታ ስለሆነ፣ ጎጆው ከተነሣ ብዙውን ጊዜ ትታው ትሄዳለች።

በቅርፊት ውስጥ የሚጀመር ትምህርት

ጫጩቶቹ ከመፈልፈላቸው በፊት በቅርፊቱ ውስጥ ሆነው ድምፅ ያሰማሉ፤ እናቲቱም ትመልስላቸዋለች። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጊልበርት ጎትሊብ በማላርድ ሽሎች ላይ ባካሄዳቸው ሙከራዎች የዚህን ድምፅ ጥቅም አሳይቷል። ከሌሎች ተለይተው የተቀመጡና በእንቁላሉ ውስጥ ሳሉ የራሳቸውን ድምፅ እንዳያሰሙ የተደረጉ ጫጩቶች፣ ከተፈለፈሉ በኋላ የዳክዬን የእናት ጥሪ ከዶሮ ጥሪ መለየት ተስኗቸዋል።

ከተፈለፈሉ በኋላ ደግሞ ሌላ ወሳኝ ሂደት ይከተላል። ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ሥራው፣ አዲስ የተፈለፈሉ የዝይ ጫጩቶች መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እንደ እናታቸው ተቀብለው እንደሚከተሉ በሰፊው ገልጿል። ይህ ሂደት ኢምፕሪንቲንግ ይባላል። ሎሬንዝ ስለ እንስሳት ጠባይ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማትን ከኒኮላስ ቲንበርገንና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር ተጋርቷል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኤክሃርድ ሄስም የማላርድ ጫጩቶችን ፈትኖ፣ ይህ ትስስር ይበልጥ የሚጠነክረው ከተፈለፈሉ ከ13 እስከ 16 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1959 አስታውቋል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ጫጩቶቹ ወላጃቸውን የሚያውቁባት ጊዜ እጅግ አጭር ናት። በዚያች ጊዜ አንሥቶ የሚያሻሻቸው ሰው ከእናታቸው ጋር የሚኖራቸውን ትስስር ሊያናጋ ይችላል። ሰውን ተከትሎ ያደገ ዳክዬ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ከወገኖቹ ጋር ተቀላቅሎ ለመኖር ይቸገራል።

ወደ ውኃ የሚደረግ ጉዞ

ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በአንድ ቀን ገደማ እናቲቱ ጎጆውን ትታ ወደ ውኃ ትመራቸዋለች። እስከዚያ ድረስ በሆዳቸው ውስጥ የቀረው አስኳል ስንቅ ይሆናቸዋል። ውኃው ሩቅ ከሆነ ጉዞው በአጥርና በመንገድ መካከል ያልፋል፤ ከባዱ አደጋ ያለውም በዚህ ላይ ነው። በብዙ ስፍራ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ለመብረር የሚበቁት ከግማሽ ያነሱ ናቸው።

የሰው እርዳታ በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በአጥር የታጠረ ግቢ ከሆነ በሩን ከፍቶ ከሩቅ መጠበቅ ይገባል። በአቅራቢያው ያሉ የጎርፍ መውረጃ ፍርግርጎች ጫጩት የሚያሳልፉ ከሆኑ ለጊዜው በሳንቃ ሊሸፈኑ ይችላሉ። የመዋኛ ገንዳ በተለይ አሳሳቢ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ በመሆኑ ጫጩቶቹ ገብተው መውጣት አይችሉም። ለስላሳ ላባቸው ለረጅም ጊዜ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይርሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአካላቸውን ሙቀት በራሳቸው መጠበቅ ስለማይችሉም በብርድ ይሞታሉ። ከገንዳው ጠርዝ ወደ ውኃው ዘንበል ብሎ የሚገባ፣ የማያንሸራትት ሰፊ ሳንቃ ማኖር ብዙ ነፍስ ያድናል።

ብቻውን የቀረ ጫጩት ቢገኝ፣ እናቱ በአካባቢው ልትኖር ስለምትችል አስቀድሞ ከሩቅ መመልከት ይሻላል። ወደ ሌላ ዳክዬ ቤተሰብ ቀላቅሎ መተው ግን አደገኛ ነው፤ ባዕድ እናት ልትነክሰውና ልታባርረው ትችላለች። እናቱ ካልተመለሰች ለዱር እንስሳት እንክብካቤ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ማስታወቅ ይገባል።

ምግብና ውኃ

የዳክዬ ጫጩት እንደ እርግብ ጫጩት በወላጁ አፍ አይመገብም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሱ ይለቅማል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያሳድገው በፕሮቲን የበለጸገ ምግብ ነው፤ ይህንንም ከነፍሳትና ከውኃ ውስጥ ጥቃቅን እንስሳት ያገኛል። ስለዚህ ፀረ ተባይ መድኃኒት ያልተረጨበት አትክልት ከማንኛውም መኖ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ለእድገት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ማዕድን በበቂ መጠን አይሰጥም። የተረፈውም በውኃው ውስጥ በስብሶ ውኃውን ይበክላል። ምግብ መስጠት ግድ ከሆነ ለእናቲቱ ጥቂት የስንዴ ወይም የገብስ ፍሬ፣ ለጫጩቶቹ ደግሞ ደቀቅ ብሎ የተከተፈ ሰላጣና መድኃኒት ያልተቀላቀለበት የጫጩት መኖ ማቅረብ ይቻላል። የዳክዬ ጫጩት ኒያሲን የተባለውን ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት ይበልጥ ይፈልጋል፤ ሲያጥረውም እግሩ ይደክማል። በዶሮ መኖ ብቻ ማሳደግ የማይመከረው ስለዚህ ነው። ለመጠጥ የሚቀርበው ውኃ ጥልቀት በሌለው ሳህን ሆኖ በየቀኑ ይለወጥ።

ጤናና ሕግ

የዱር ዳክዬዎች የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች የተፈጥሮ ማደሪያ ናቸው፤ ማላርድም ሕመም ሳይታይባት ቫይረሱን ልትሸከም ትችላለች። ኤች5ኤን1 የተባለው አደገኛ ዓይነት በ2020ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በሰፊው ተሰራጭቷል። ስለዚህ ዳክዬዎቹን በባዶ እጅ አለመንካት፣ ሳህናቸውን ካጠቡ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የቤት ዶሮዎችን ከእነርሱ መለየት፣ የሞተ ወፍ ሲገኝም ሳይነኩ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገባል።

ሕጉም ወደዚሁ ያመራል። በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. የ1918ቱ የተሰዳጅ አእዋፍ ስምምነት ሕግ፣ በብሪታንያም እ.ኤ.አ. የ1981ዱ የዱር እንስሳትና የገጠር አካባቢ ሕግ ወፎቹንና እንቁላሎቻቸውን ይጠብቃሉ። እንቁላል ወስዶ ማስፈልፈል በጎ ሥራ ቢመስልም በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል።

የአገራችን ዳክዬዎች

ማላርድ በኢትዮጵያ የምትራባ ዝርያ አይደለችም። በደጋው ረግረግና ሐይቅ ዳር የምናገኛት የቅርብ ዘመዷን፣ ምንቃሯ ቢጫ የሆነውን አናስ አንዱላታን ነው። እርሷም እንደ ማላርድ በጥቅጥቅ ሣር መካከል መሬት ላይ ትፈለፍላለች። በደቡብ አፍሪካ ሰዎች ያመጧቸውና ያመለጡ ማላርዶች ከዚህችው ዝርያ ጋር እየተዳቀሉ ለአገሬው ዳክዬ ሥጋት ሆነዋል። ስለሆነም ማላርድን ለጌጥ አምጥቶ በሐይቆቻችን መልቀቅ አይገባም። በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራ የምትኖረው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይም ጭምር የምትፈልገው ያልታረሰ ረግረግና ያልታጨደ የውኃ ዳር ሣር ነው።

ማላርድ ጫጩቶቿ ከ50 እስከ 60 ቀን ውስጥ መብረር ሲጀምሩ የእናትነት ተግባሯን ትፈጽማለች። እስከዚያ ድረስ ባለ ግቢው በሩን ከከፈተ፣ ውሻውን ካሰረና በገንዳው ላይ ሳንቃ ካኖረ ድርሻውን ተወጥቷል። የቀረውን ተፈጥሮ ለእናቲቱ ሰጥታታለች።