ፌስታሉን ምን ይተካው?

እንጀራው፣ በርበሬው፣ የተቆላው ቡና፣ የተረፈው ወጥ፣ ሁሉም ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት መጠጊያው ፌስታል ሆኗል። የቀድሞው ቤት ግን ለየምግቡ የተለየ ማስቀመጫ ነበረው፤ ለእህሉ ጎተራና ጉድጓድ፣ ለእንጀራው መሶብ፣ ለወተቱ ቅል፣ ለውሃው እንስራ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ‹‹ታዲያ በምን እናስቀምጥ?›› የሚለው የየቤቱ ጥያቄ ነው። ለሁሉም ምግብ የሚሆን አንድ ምትክ መፈለግ ግን ፌስታል ያስለመደንን ስህተት መድገም ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ምግብ በምን ይበላሻል የሚለው ነው፤ ይህ ከታወቀ ተገቢውን ዕቃ መምረጥ ቀላል ነው።

የፌስታል ጥሬ ዕቃ ፖሊኢትሊን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1933 በአንድ የእንግሊዝ ቤተ ሙከራ በአጋጣሚ የተገኘ ሲሆን፣ እጀታ ያለው ከረጢት ሆኖ በስዊድን ኩባንያ ስም የፈጠራ መብት ያገኘው በ1965 ነው። የተሠራው ከረጃጅም የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለቶች ስለሆነ ከውሃ ጋር አይስማማም፤ የውሃ ተን በቀላሉ አያልፈውም። ኦክስጅንና ቅባትነት ያላቸው የመዓዛ ቅንጣቶች ግን ሰንሰለቶቹ መካከል እየገቡ ያልፋሉ። ለዚህ ነው የተቆላ ቡና በደንብ በተቋጠረ ፌስታል ውስጥ ሆኖም የሚሸተው። ባጭሩ ፌስታል እርጥበትን ያግታል፣ አየርን ያሳልፋል። ከምግቦቻችን ብዙዎቹ የሚፈልጉት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው።

እንጀራን እንመልከት። በእርሾ የተብላላ በመሆኑ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ብዙ ባክቴሪያዎችን ይከላከልለታል፣ ሻጋታ ግን ኮምጣጣ ነገርን ይችላል። ስለዚህ የእንጀራ ዋና ጠላት ሻጋታ ነው፤ ሻጋታ ደግሞ እርጥበት ይወዳል። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲገባ የሚወጣው እንፋሎት መሄጃ ስለሌለው ጠብታ ሆኖ ተመልሶ እንጀራው ላይ ያርፋል። ከሣር የተሰፋ መሶብ ትርፉን እንፋሎት ቀስ በቀስ ያስወጣል። ‹‹መሶብ እንጀራውን ያደርቀዋል›› የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ በደጋው ደረቅ አየር እውነትነት አለው። መፍትሔው ማብረድንና ማስቀመጥን መለየት ነው፦ እንጀራው ሰፌድ ላይ ፈጽሞ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መሶብ ውስጥ ማኖር፣ ከሁለት ቀን በላይ የሚቆየውን ደግሞ ክዳን ባለው ሰፊ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት።

የበርበሬ፣ የኮረሪማና የቡና ነገር ሌላ ነው። እነዚህን የሚጎዳቸው ኦክስጅን፣ ብርሃንና የመዓዛቸው መብነን ነው። ኦክስጅንም መዓዛም የማያልፉት መስታወት ነው፤ ጥብቅ ክዳን ያለው ጠርሙስ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ከፌስታል በብዙ ይሻላል። ወጥን በተመለከተ ደግሞ ሙቀትና ቅባት አንድ ላይ ሲሆኑ በፕላስቲክ ውስጥ ያሉ ተጨማሪ ኬሚካሎች ወደ ምግቡ መሄዳቸውን ያፋጥናሉ፤ ትኩስ ወጥ ፌስታል ውስጥ መጨመር መቅረት ያለበት ለዚህ ነው። መስታወትና የማይዝግ ብረት ለዚህ ይመቻሉ። አልሙኒየም ግን ቲማቲም የበዛበትን ወይም ኮምጣጣ ምግብ ለማሳደር አይመከርም፤ አሲድ ብረቱን ያሟሟዋል። ለዳቦ፣ ለአይብና ለተቆረጠ አትክልት ደግሞ አቡጀዲን በንብ ሰም ነክሮ መጠቅለያ መሥራት ይቻላል። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ጥሬ ዕቃው በእጃችን ነው። ሰም በ60ዎቹ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይታጠባል፤ ለትኩስ ምግብና ለጥሬ ሥጋ አይሆንም።

ፕላስቲክ ሁሉ ይወገዝ ማለት ግን አይደለም። የእህል ጠላት ነቀዝ ነው፤ ነቀዝ ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይኖርም። ፒክስ የሚባለው ከረጢት በማዳበሪያ ውስጥ ሁለት ወፍራም የፖሊኢትሊን ሽፋኖችን በመደራረብ፣ ስሱ ፌስታል በቀላሉ የሚያሳልፈው ኦክስጅን እጅግ በዝግታ ብቻ እንዲገባ ያደርጋል፤ ውስጥ ያለው ነቀዝ የቀረውን አየር ጨርሶ ይሞታል፣ ገበሬውም ያለ መድኃኒት እህሉን ያተርፋል። በደንብ የታሸገ የእህል ጉድጓድም የሚሠራው በዚሁ ስልት ነበር። ከረጢቱ እስካልተቀደደ ድረስ ከዓመት ዓመት ያገለግላል። ጉዳቱ ያለው አንዴ ተይዞ በሚጣለው ስስ ፌስታል ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ምትኩም በነጻ አይመረትም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ላይ ያለው ጫና አንዴ ከተጠቀምንበት ስስ ፌስታል ጋር እንዲተካከል 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። ጥናቱ ስለ መገበያያ ከረጢት ቢሆንም ትምህርቱ ለጓዳችንም ይሠራል፤ የአንድ ዕቃ ጥቅም የሚለካው በአገልግሎቱ ብዛት ነው። ስለዚህ አምስት አዲስ ከረጢት ገዝቶ መደርደር ተገቢ አይደለም፤ የማርማላታው ጠርሙስ ታጥቦ የበርበሬ ማስቀመጫ ሲሆን ግን አዲስ ነገር አልተመረተም። ንጽሕናን በተመለከተ የሚነሳው ስጋትም መልስ አለው፤ በአሜሪካ በገበያ ከረጢቶች ላይ የተደረገ ምርመራ በብዙዎቹ ባክቴሪያ ቢያገኝም፣ በእጅ ወይም በማሽን ማጠብ ብቻውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም አስወግዷል።

እንግዲህ ጓዳችንን ስንፈትሽ ወደ ገበያ ከመሮጣችን በፊት አንድ ቀላል ምርመራ እናድርግ። የተቋጠረውን የቡና ፌስታል እናሽትት። ቡናው ከሸተተን፣ ገንዘብ የከፈልንበት መዓዛ በፌስታሉ ውስጥ እያለፈ መውጣቱን አፍንጫችን ነግሮናል፤ ከመደርደሪያው ላይ ባዶ ጠርሙስ ማንሳት ደግሞ ምንም አያስወጣም።