ሥራ ፈት የቢሮ ኮምፒውተሮችና የሚባክነው የኤሌክትሪክ ኃይል

አንድ ሳምንት 168 ሰዓታት አሉት፤ መደበኛው የቢሮ ሥራ ከእነዚህ ውስጥ 40 ያህሉን ብቻ ይወስዳል። ሳይጠፋ የሚሰነብት ኮምፒውተር እንግዲህ 128 ሰዓታት ያለ ተጠቃሚ በርቶ ይቆያል ማለት ነው። ሥራ በፈታበት ጊዜ 50 ዋት ይወስዳል ብንል፣ በሳምንት 6.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይባክናል፤ በእንቅልፍ ሁነታ 3 ዋት ቢወስድ ግን ፍጆታው 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። በዚህ ሁነታ ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማኅደር ኃይል ስለማይቋረጥበት፣ የተከፈተው ሥራ በሰከንዶች ውስጥ ይመለሳል። ስክሪን ሴቨር ግን፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት፣ ኃይል ቆጣቢ አይደለም።

ስልቱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1992 እ.ኤ.አ. የኢነርጂ ስታር መርሐ ግብርን ሲጀምር ምልክቱ መጀመሪያ የተሰጠው ለኮምፒውተርና ለሞኒተር ነበር። ታዲያ ብክነቱ ለምን ዘለቀ? ነገሩን በሠራተኛው ቸልተኝነት ብቻ ማሳበብ ተገቢ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ በርቶ እንዲያድር የሚሻው የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍሉ ራሱ ነው፤ የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚጫነውም ሆነ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወሰደው ሌሊት ነውና። የተኛ ማሽን ደግሞ በኔትወርክ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ይህን ቅራኔ የሚያስታርቀው "ዌክ ኦን ላን" የተባለው ስልት ነው። የኔትወርክ ካርዱ ብቻ በጥቂት ኃይል ነቅቶ ይቆይና፣ የካርዱ አድራሻ 16 ጊዜ የተደጋገመበት መልእክት ሲደርሰው ኮምፒውተሩን ይቀሰቅሳል። መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው በብሮድካስት ስለሆነ ራውተሮች በተለምዶ አያሳልፉትም፤ ስለዚህ በየንዑስ ኔትወርኩ ሌሎቹን የሚቀሰቅስ አንድ የማይተኛ ማሽን መመደብ ሊያስፈልግ ይችላል።