የጎግ ጫካ ትልና ሁለቱ ሐኪሞች

አንባቢዎች ሆይ፤ የሰው ልጅ ከምድር ላይ ፈጽሞ ያጠፋቸው በሽታዎች ስንት ናቸው ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሱ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው የሰው በሽታ የነበረው ፈንጣጣ ሲሆን መጥፋቱ በ1980 በይፋ ታወጀ። ሁለተኛው በክፉ ቀን ዘመን የአገራችንን ከብት ጨርሶ ሕዝቡን በረኃብ የፈጀው፥ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነው፤ የእርሱም መጥፋት በ2011 ተነገረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱን የሰው ሐኪም፥ ሌላውን የእንስሳት ሐኪም አሸነፈው። ሦስተኛው ድል ግን ሁለቱን ሐኪሞች በአንድነት የሚጠይቅ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከትግሉም ቦታዎች አንዱ በጋምቤላ ክልል ያለው የጎግ ወረዳ ነው።

በሽታው ጊኒ ዎርም ይባላል። ሰው ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ሲጠጣ፥ በዓይን ለማየት እጅግ የምታስቸግር ትንሽ የውሃ ተባይ አብራ ትዋጣለች፤ በተባይዋም ውስጥ የትሉ እጭ አለ። እጩ በሰውነት ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ያድጋል፤ ሴቲቱ ትል እስከ አንድ ሜትር ትረዝማለች። ከዚያም ብዙውን ጊዜ በእግር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል አውጥታ ብቅ ትላለች። ቁስሉ እንደ እሳት ስለሚያቃጥል በሽተኛው ለማብረድ ብሎ እግሩን ኩሬ ውስጥ ይነክራል፤ በዚያን ጊዜ ትሏ እጮቿን በብዙ ሺህ ትረጫለች። ለዚህ በሽታ መድኃኒትም ክትባትም የለውም። ያለው ዘዴ ትሏን በትንሽ እንጨት ላይ ቀን በቀን ጥቂት በጥቂት እየጠቀለሉ ማውጣት ብቻ ነው።

በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሠቃዩ ነበር። ውሃን በጨርቅ ማጥራትን በማስተማር፥ በሽተኛውን ከኩሬ በማራቅ፥ ተባዩንም በኬሚካል በመግደል ቁጥሩ ወርዶ፥ ከ2021 እስከ 2024 በየዓመቱ ከ20 ሰው በታች ሆነ። በአገራችንም በ2018 እና በ2019 አንድም በሽተኛ አልተገኘም። በ2020 ግን 11 ሰዎች ታመሙ። ታዲያ ትሉ የት ተደብቆ ቆየ?

መልሱ ጫካ ውስጥ ነበር። ቀደም ብሎ በ2013 በአገራችን በዝንጀሮ ላይ ትሉ ታይቶ ነበር፤ በውሻና በድመት ላይም ተገኝቷል። ሊቃውንት የትሉን ዘር በመረመሩ ጊዜ ከሰው የወጣውና ከእንስሳ የወጣው አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋገጡ። ነገሩን ስናስበው አያስደንቅም፤ ለአደን፥ ለማርና ለዓሣ ጫካ የሚገባው ሰው፥ ተከትሎት የሚሄደው ውሻና የጫካው ዝንጀሮ የሚጠጡት ከአንድ ኩሬ ነው።

ስለዚህ ሥራው መልኩን ለወጠ። በጎግና በጎረቤቱ በአቦቦ ውሾች እንዲታሰሩ ተደረገ፤ ባለቤቶቻቸውም በየቀኑ ያበሏቸዋል፥ ንጹሕ ውሃም ያጠጧቸዋል። ዝንጀሮን ግን ማን ያስረዋል? እርሱን ባለሙያዎች በወጥመድ ይዘው፥ አደንዝዘው፥ ትል እንዳለበት መርምረው ይለቁታል፤ ውሃ የሚጠጣባቸውንም ኩሬዎች እየፈለጉ በኬሚካል ያክማሉ። በሽታውን ያየና የጠቆመ ሰውም የገንዘብ ሽልማት ያገኛል።

አንድ አገር ከጊኒ ዎርም ነጻ ነው ለመባል፥ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰውም በእንስሳም ላይ አንድም ትል አለመታየት አለበት። አንድ የተፈታ ውሻ ወደ ኩሬ ቢገባ የብዙ ዓመት ድካም እንደገና ይጀመራል። እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፥ ለሥራም ሆነ ለጉብኝት ወደ ጎግ ብትሄዱ ውሃችሁን ሳታጣሩ አትጠጡ፤ ቁስል ያለበትን ሰው ወይም እንስሳ ብታዩም ለጤና ሠራተኛው ንገሩ። ሐኪሞቹ ብቻቸውን ጫካውን ሁሉ ሊጠብቁት አይችሉምና።